ባሩድ የተረሳባት ጥይት

ልጄ ጥይት ይሠራል። ይኼን ስናገር፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አብረውኝ የሚቀመጡት ሴቶች ዳቦ የያዙበትን እጅ አቁመው ያዩኛል። ሽፍታ አይደለም፤ ወታደርም ሆኖ አያውቅም። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖር፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ባለታክሲ ነው። ከሥራ ኦፍ ሲሆን ከጓደኛው ጋር ተኩስ ወደሚፈቀድበት ቤት ሄዶ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ይመታል። ከዚያ የተኮሰበትን ባዶ ቀለሃ ከወለሉ ለቅሞ፣ በከረጢት ተሸክሞ ይመጣና ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንት ወርዶ እንደገና ይሞላዋል። ተሠርቶ፣ ተደርድሮ፣ በካርቶን የሚሸጥ ሞልቶ!

«ይረክሳል እማዬ» ይለኛል። «ደግሞ ራሴ የሠራሁትን ስተኩስ ደስ ይለኛል።»

ሰው ዓሣ ያጠምዳል፤ ሰው ኳስ ያያል፤ የኔው ይኼን መረጠ። ሕጉ ይፈቅዳል አሉኝ። ሕጉ የሚፈቅደውን ሁሉ ካደረግንማ የት ልንደርስ ነው?

እኔ ያለሁት ሁለት ቤት ነው። የሥራ ቀኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ሴት ልጄ ጋ እሆናለሁ፤ ቅዳሜና እሑድን አሌክሳንድሪያ ወንዱ ጋ። ላድርስሽ ሲሉኝ አልወድም። በቀዩ ባቡር ገብቼ መሀል ከተማ እወርድና ወደ ቢጫው እሻገራለሁ። የእንግሊዝኛውን ጽሕፈት ስለማላውቀው የምሄደው በቀለም ነው። ቢጫው ወንዙ ላይ ሲደርስ ከመሬት ውስጥ ብቅ ይላል፤ እዚያ ጋ ውሃውንና ጀልባዎቹን ሳይ ሐሳቤ ይሄድብኝና መውረጃዬን አልፌ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ትምህርት ቤት ደጁን ረግጬ አላውቅም። የአማርኛውን ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ጥጥ እየፈተልኩ ነው። ስለዚህ ስጽፍ ወዲያ ወዲህ ብል አትፍረዱብኝ፤ ወደ ነገሬ እመለሳለሁ።

ነገሬ ይኼ ነው። ወንዱ ልጄ አንድ በምንም የማልለውጠው ጠባይ አለው። እኔ ስገባ ይነሳል። ምግብ ላይ ቢሆን፣ ስልክ ላይ ቢሆን፣ ከሥራ ደክሞት ሶፋው ላይ ቢጋደም ብድግ ይልና «ኖር እማዬ» ይላል። እኔም «በእግዜር ልጄ» እለዋለሁ። ከዚያ የተቀመጠበትን ይለቅልኛል። ሌላ ባዶ ወንበር ቢኖርም የራሱን ነው የሚለቅልኝ። ይኼን ያስተማረው አባቱ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። እዚህ አገር ማን ለማን ይነሳል? የልጅ ልጆቼ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ሳያወጡ «ሃይ» ይሉኛል። ሴት ልጄ እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ «መጣሽ?» ነው የምትለኝ፤ እሷም ደክሟት ነው። እሱ ግን ይነሳል። እናቶች ስለ ልጆቻቸው ቤትና መኪና ሲያወሩ እኔ ይኼን አወራ ነበር።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ ልውሰዳችሁ። ከልብስ ማጠቢያውና ከማድረቂያው ፊት ለፊት አንድ የእንጨት ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛው ላይ እጀታ ያለው መጫኛ ማሽን ታስሯል። ጥይት ከአራት ነገር ነው የሚሠራው። ቀለሃው አለ፤ ከቀለሃው ቂጥ የምትገባና ሽጉጡ ሲመታት እሳት የምትጭር ትንሽ ቆብ አለች፤ ባሩዱ አለ፤ ከላይ የሚደፈንበት እርሳስ አለ። ልጄ ቀለሃዎቹን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ እንደ ተማሪ ያሰልፋቸውና ባሩዱን እየሰፈረ እያንዳንዳቸውን በየተራ ያጠጣቸዋል። ከዚያ እርሳሱን እየጫነ ይዘጋቸዋል። አንዴ ከተዘጋች የጠጣችውንና ያልጠጣችውን በዓይን መለየት አይቻልም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያጋጠመው ችግር ትንሽ ነበር። ጥይቶቹን ሽጉጡ አልውጥ አለው። ጓደኛው አፋቸው ሰፍቶ ቀርቷል፣ በደንብ አልተጨመቀም አለና ማሽኑን ነካክቶ አስተካከለለት። ይኼ ጓደኛው የደሴ ልጅ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ይሠራል፤ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ፣ እኔን «የኔ እናት» የሚለኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንዳንዷ ስትመታ አልተኩስ ብላ በሁለተኛው ምት ትተኩስ ጀመር። እሱንም ቆቧ ጠልቃ አልገባችም ብለው አስተካከሉት። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እያየሁ፣ ሁለት ትልልቅ ወንዶች አንዲት ጥይት ብርሃን ላይ ይዘው እንደ ታመመ ሕፃን ሲያገላብጧት እስቅ ነበር።

አንድ እሑድ ከተኩስ ሲመለሱ ግን ልጄ ፊቱ ወይቦ ገባ። እኔን ሲያይ ተነሳ እንዳልል ቆሞ ነው የገባው፤ ኖር ማለቱንም ረሳ። ሚስቱ ገና ከሥራ መመለሷ ነው፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ የደንብ ልብሷን አላወለቀችም።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ምንም» አለ ልጄ።

«ምንም አይደለም» አለ የደሴው ልጅ። «ወላሂ ምንም አይደለም። ብቻ ባልሽ ዛሬ እጁን ይዞ ተመልሷል።»

ነገሩን እሱ ነው የነገረን። ጧ፣ ጧ ሲል ቆይቶ አንዷ ጥይት ጡሽ ብላ ቀረች። ድምፅ የላትም። ልጄ ከሸፈች ብሎ ሽጉጡን አቀባብሎ ሊደግም ሲል ጓደኛው ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። ፈትተው ሲያዩት ጥይቷ ባሩድ አልነበራትም። ቆቧ ብቻዋን እርሳሱን ገፍታ አፈሙዙ ውስጥ ወሽቃው ኖሯል።

«ቢደግምስ ኖሮ?» አልኩት።

«መንገዱ ተዘግቷል እኮ የኔ እናት። የኋለኛዋ ከፊተኛዋ ጋር ትጋጭና ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳል።»

«እጁስ?»

የራሱን መዳፍ ገልብጦ አየ። ልጄ መሪ የሚይዝበት፣ ልጆቹን የሚያበላበት እጅ ነው የምለው። ዓይኑስ? ዓይኑን አልጠየቅሁም።

«ተወው!» አልኩት። «ዛሬውኑ ያን ማሽን አውጥተህ ጣለው!»

«ምክንያቱን ሳላገኝ አልተውም እማዬ» አለ። «ከተሳሳትኩበት ማወቅ አለብኝ። ሳላውቅ ብተው ፈሪ ነኝ።»

ፈሪ! ሁለት እጅ ያለው ፈሪ ይሻለኛል፤ እንዲህ ብዬ ነገርኩት። አልሰማኝም። አባቱን ነው የመሰለው፤ እሱም የተበላሸ ራዲዮ ከጀመረ እህል አይበላም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ፖሊስ ጣቢያ ሆነ። ተጠያቂ ፍለጋ ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሚዛኑ ነው፤ ሌላ ሚዛን መጣ። ቀጥሎ ማሞቂያው፤ አየሩ ሚዛኑን እየነካ ነው ተብሎ ተዘጋና ሁላችንም ጋቢ ለብሰን ተቀመጥን። ቀጥሎ የባሩዱ መስፈሪያ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተወለወለ። ቀጥሎ ደግሞ የልብስ ማድረቂያው! ሲዞር ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል ተባለና እሱ ቤዝመንት ባለበት ሰዓት ልብስ ማድረቅ ተከለከለ። የልጅ ልጄ እርጥብ ካልሲ አድርጋ ትምህርት ቤት ሄደች። ሚስቱ እርጥቡን ካልሲ ይዛ ወርዳ፣ «ይኼን ጠመንጃህ ውስጥ ክተተው» ስትለው ሰምቻለሁ። እኔም በሆዴ እሰይ አልኩ።

የሠራቸውን ጥይቶች ሁሉ አንድ በአንድ ፈትተው መዘኑ። አብዛኛው ደህና ነው። ከመካከል አንዷ ባዶ ተገኘች። ሌላዋ ደግሞ ድርቡን ጠጥታ ተገኘች። ይኼኛዋ ከባዶዋም ትብሳለች አሉ። የሚገርመው፣ ስህተቱ በተከታታይ አይደለም። ደህና፣ ደህና፣ ደህና ሲል ይቆይና ድንገት አንዷ ትበላሻለች።

«ማሽን እንዲህ አይሳሳትም» አለ የደሴው ልጅ። «ማሽን ከተሳሳተ ሁሌ ነው የሚሳሳተው። እሑድ እመጣለሁ። አንተ ትሠራለህ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ አይሃለሁ። ቃል አልተነፍስም።»

«አንተ?» አለችው የልጄ ሚስት። «ቃል ሳትተነፍስ?»

«ፆም እንደያዝኩ ቁጠሪው።»

እሑድ መጣና እንዳለው ጥግ ላይ ተቀመጠ። እኔ ላይ ቤት ነበርኩ። ሴት ልጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮል አደረገችና ወንድሟን ሰላም ልትለው ስለፈለገች ስልኩን ይዤ ወረድኩ። ልጄ መስፈሪያውን አስቀምጦ ብድግ አለ።

«ኖር እማዬ!»

«በእግዜር ልጄ፣ እህትህ ናት።»

ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ከእህቱ ጋር ተሳሳቀ፤ እኔም ትንሽ አረፍ አልኩና ጉልበቴን እያሻሸሁ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ አወራሁት። ከዚያ ወጣሁ። ቆይቼ መነጽሬን እዚያው ረስቼው ኖሮ ተመልሼ ወረድኩ። አሁንም ብድግ አለ፤ አሁንም ኖር አለኝ፤ አሁንም ወንበሩን ለቀቀ። መነጽሬን ይዤ አንድ እግሬ ደረጃው ላይ እያለ ከጥጉ በኩል ጩኸት ተሰማ።

«አገኘሁት!»

ዞር ስል የደሴው ልጅ ቆሟል፤ ጣቱን ቀስሯል። አንድ የተሰበረ ብረት ያየ መሰለኝ። ጣቱን ተከትዬ ኋላዬን አየሁ፤ ግድግዳ ነው። የሚያመለክተው እኔን ነበር።

«እኔን?» አልኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔ እናት። እርስዎን አይደለም፤ የሱን መነሳት ነው። እርስዎ ሲገቡ መስፈሪያውን ያስቀምጣል፣ ይነሳል፣ ሲመለስ የቱ ጋ እንደነበረ አያውቀውም። ና እይ! ይቺን ዘለሃታል። ይቺን ደግሞ ቅድም ሰጥተሃት ስልኩን አውርተህ ስትመለስ ደግመህላታል።»

በባትሪ ቀለሃዎቹ ውስጥ አበራ። ልጄ ጎንበስ ብሎ አየ። እኔም አየሁ። አንዷ ውስጧ ጨለማ ነው፤ አንዷ እስከ አንገቷ ሞልታለች። ለመዋሸት አይመችም።

ልጄ ቀና ብሎ፣ «ታዲያ እናቴ ስትገባ ተዘፍዝፌ ልቀመጥ?» አለ። ድምፁ ተቆጥቷል። ደስ አለኝ።

«አዎ፣ ተዘፍዘፍ!»

«አላደርገውም።»

«እንግዲያው አንድ እጅህን ዛሬውኑ ተሰናበተው።»

ጫጫታውን ሰምታ ሚስቱ ወረደች። ነገሩን ሲነግሯት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች።

«እሱስ ልክ ነው» አለች። «እኔ ስገባ ተነስቶ ስለማያውቅ በኔ የተበላሸች ጥይት አትኖርም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሁሉ ሲፈለግ የከረመው ጥፋተኛ፣ ከሚዛኑና ከማሞቂያው ከማድረቂያውም ቀጥሎ የተያዘው፣ የልጄ አክብሮት ሆነ! ሌላ ሲታጣ ደግ የሆነው ነገር ተከሰሰ። ባሩድ ቤት ውስጥ ማስገባቱን ማንም ጥፋት አላለውም። ለእናት መነሳቱ ግን ብልሽት ተባለ።

ልጄ ሊያስረዳኝ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ጺማም ፈረንጅ ነው፤ እንደሱ ያለ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያወራል።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ስትሠራ ብቻህን ሁን ነው የሚለው። ሬዲዮ አትክፈት፣ ስልክ አታንሳ፣ ሰው አታስገባ። ሐሳብ የሚበትን ነገር ሁሉ ዲስትራክሽን ነው ይላል።»

«እኔ ነኝ ዲስትራክሽን?»

«አይ እማዬ፣ እሱ እኮ በጠቅላላው ነው የሚያወራው።»

«ይኼ ሰውዬ እናት የለውም?»

«እኔ እንጃ እማዬ።»

«ካለችው ትሰማዋለች እንዴ እንዲህ ሲል?»

ቪዲዮውን ዘጋው። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ የቤዝመንቱ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ ተሠርቶለታል። ልጆቹ ድንገት እንዳይገቡ ነው አለኝ። እኔ ልጅ ነኝ? ደረጃውን እየደገፍኩ ወረድኩና አንኳኳሁ።

«ቆይ እማዬ!» አለ ከውስጥ።

ቆየሁ። የማሽኑ እጀታ ሲወርድ ሲወጣ ይሰማኛል። ጉልበቴ አመመኝ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እስኪጨርስ አልከፈተም። በሩን ሲከፍት ቆሞ ነው፤ «ኖር» ሲለኝ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እስቲ አስቡት። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ፣ አንድ ቃል ሳልመልስለት፣ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። እየተከተለ «ላድርስሽ» ቢለኝ «ባቡር አለ» አልኩት። ያን ቀን ወንዙንም ጀልባውንም አላየሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ሴት ልጄ ደነገጠች። ነገሩን ስነግራት ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች፤ እንዳየኋት ስታውቅ ደግሞ ቁም ነገረኛ ሆነች።

«እማዬ፣ እና አሁን ያኮረፍሽው በጥይት ጉዳይ ነው?»

«በር ተዘጋብኝ!»

«እጁ እንዳይቆረጥ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ!»

«ካወቅሽ ታዲያ...»

«ማወቅና አለመናደድ አንድ ነው እንዴ?»

ያን ሳምንት ዕቃ ሳጥብም ልብስ ሳጥፍም ከራሴ ጋር ስከራከር ዋልኩ። አባቴ ትዝ አለኝ። አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ ሲወለውለው ዶሮውን ሳይቀር ከቤት ያስወጣ ነበር። ታዲያ ትልቅ ሰው ቢገባበት ይነሳ ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። ይነሳ ነበር። ቄሱ ሲገቡ ጭኑ ላይ የነበረውን ጠመንጃ ወዲያ አስቀምጦ ሲነሳ አይቼዋለሁ። እንዲህ ብዬ ልጄን ልሞግተው ተዘጋጅቼ ሳለ፣ የአባቴ ጠመንጃ ያን ጊዜ ባዶ እንደነበረ ትዝ አለኝ። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ለሙግት ያሰብኩት ሁሉ ወደሱ ያደላል። ያቺን ጨለማ የነበረችውን ቀለሃ በዓይኔ ባላያት ኖሮ፣ እናት ስትገባ መነሳት ጥይት ያበላሻል ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው አይፈጠርም ነበር። ግን አየኋት።

ቅዳሜ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ልጄም ጓደኛውም ቤዝመንት ናቸው፤ ገና አልጀመሩም። በሩ ክፍት ነው። ገና ሳይነሳ ጣቴን ዘረጋሁበት።

«መቀርቀሪያውን ንቀል» አልኩት። «በር አይዘጋብኝም። እኔ የምገባበት ቤት ውስጥ የሚዘጋብኝ በር አይኖርም።»

«እሺ እማዬ።»

«እኔም ስትሠራ ስገባ አትነሳም።»

«እማዬ፣ አልችልም። አስቤበት አይደለም እኮ የምነሳው፤ እግሬ ራሱ ነው የሚነሳው።»

«እግርህን አስተምረው።»

«የኔ እናት ልክ ናቸው» አለ የደሴው ልጅ። «በባዶ ቀለሃ ይለማመድ። ባሩዱን አርቀው።»

ይኼውላችሁ፣ በስተርጅና ልጄን እንዳያከብረኝ ማስተማር ጀመርኩ። ደረጃውን ወጥቼ ከላይ እወርዳለሁ፤ ልጄ ባዶ ቀለሃ እየደረደረ ይጠብቃል። እንደገባሁ ቂጡ ከወንበሩ ይለያል።

«ተነሳ!» ይላል የደሴው ልጅ እንደ ዳኛ። «አየሁህ! እንደገና የኔ እናት!»

እንደገና እወጣለሁ፤ እንደገና እወርዳለሁ። አሁን ቂጡ አልተነሳም፣ ግን ግንባሩ ወደኔ ዞሮ እጁ የያዛትን ጥሏል።

«አንገቱን አዞረ! አይቆጠርም!»

«ተወኝ እንጂ አንተ!» ይለዋል ልጄ። «እናትህን አምጥተህ በራስህ ሞክራት!»

«የኔ እናት ደሴ ናት፤ እዚህ ብትሆን እኔም ጥይት አልሠራም።»

ሚስቱ ደረጃው ላይ ቆማ ታያለች። «እማዬ፣ ጉልበትዎ» አለችኝ። «እሱ ሰው አይሆንም፤ ይቅርብዎ።» እኔ ግን እልህ ይዞኛል። ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሳቅ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ሳቅ መሆኑን ተወ። ልጄ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ለመቀመጥ እንዲህ የታገለ ሰው አላየሁም። በዚህ ጉልበቱ ማሽኑን ቢጥለው ምን ነበረበት? ይኼን ጮክ ብዬ ነገርኩት።

«አውቃለሁ እማዬ» አለኝ ወደኔ ሳይዞር።

ሳይዞር! ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶኝ መለሰልኝ። የደሴው ልጅ «አሁን አለፈ» አለ።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በእውነት ሊሠራ ወረደ። ባሩዱ ወጣ፤ ቀለሃዎቹ ተሰለፉ። ጥቂት ቆየሁና ወረድኩ። ጫማዬ ደረጃው ላይ ሲሰማ ትከሻው ብድግ ሊል ሲል አየሁት፤ ከዚያ ረገበ። አልተነሳም። ኖርም አላለኝ። መስፈሪያውን ወደ ቀጣይዋ ወሰደ፣ ሰፈረ፣ ወደ ቀጣይዋ ወሰደ። የደሴው ልጅም እኔን ላለማየት ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ ማድረቂያውን ተደግፌ ቆምኩ። ፊቴ ነደደ። ትክክል ነው፤ እንዲያደርገው ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። ቢሆንም የወለድኩት ልጅ ፊት ሰው እንዳልገባ ተቆጥሬ ቆሜያለሁ። አንዲት ቃል ብናገር እጁ እንደሚሳሳት ስለማውቅ ያንን ሁሉ ንዴቴን አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ።

ሰልፉን ጨረሰ። ባትሪውን አንስቶ እያንዳንዷን ውስጧን አየ። አንድም ጨለማ የለም፤ አንድም እስከ አንገቷ የሞላች የለችም። ከዚያ እርሳሱን እየጫነ ዘጋቸውና ማሽኑን ለቀቀ። እጆቹን ጭኑ ላይ ሲያስቀምጥ አየኋቸው፤ ሁለት ናቸው፤ የአባቱ እጆች።

«ጨረስክ?» አልኩት።

«ጨረስኩ።»

«ባሩዱን ክደን።»

ከደነው።

«እንግዲያውስ አሁን ተነስ!»

ወንበሩ ወደ ኋላ እስኪወድቅ ድረስ ነው የተነሳው። ዓይኑ ቀልቷል። ወንበሩን አንስቶ፣ በእጁ ጠርጎ ወደኔ ገፋው። ተቀመጥኩ።

«ተገላገልን የኔ እናት» አለ የደሴው ልጅ እጁን እያፋተገ።

«እናንተ ናችሁ የተገላገላችሁት» አልኩት። «እኔ ገና አሁን መናገሬ ነው። ቁሙና ስሙኝ።»

ሁለቱም ቆመው ሰሙኝ። ከሱቅ ስለሚገዛው ጥይት ጀምሬ፣ ስለ እርጥቡ ካልሲ፣ ስለ መቀርቀሪያው፣ ስለ ጺማሙ ሰውዬም፣ ምራቴ ራት ደርሷል ብላ እስክትጠራን ድረስ ተናገርኳቸው።